የስኳር ሕመም ያለባቸው አረጋውያንና የቲቢ ልየታ ምርመራ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በቲቢ (በሳንባ ነቀርሳ) የመታመም ዕድሉ ስኳር ከሌለበት ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበልጣል። ዕድሜው 60ን ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ቲቢው ቶሎ አይታወቅም። ምልክቶቹ ደብዛዛ ናቸው፣ የሚታዩትም ቢሆኑ በስኳሩ ወይም በእርጅናው ይሳበባሉ። ስለዚህ ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ አስቀድሞ መጠየቅና መመርመር ያስፈልጋል። በጤና ተቋም ይህን ሥራ «የቲቢ ልየታ» እንለዋለን። ልየታ ማለት «ቲቢ አለብዎት» ማለት አይደለም፤ ማን ተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስፈልገው መለየት ማለት ነው።

ጽሑፉ የተዘጋጀው የስኳር ክትትል ላላቸው አረጋውያንና አብረዋቸው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከገላን፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አካባቢ ኑሮ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን የትም ቢኖሩ ይሠራል።

ስኳርና ቲቢ ምን አገናኛቸው?

ቲቢ የሚያስከትለውን ባክቴሪያ ሮበርት ኮህ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ለዓለም አስታወቀ። ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር የሚወጣውን አየር ሌላው ይተነፍሰዋል። ነገር ግን የተነፈሰው ሁሉ አይታመምም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያው በሰውነቱ ውስጥ እንዳለ ይገመታል፤ አብዛኛው ሰው የሰውነቱ መከላከያ ባክቴሪያውን አስሮ ስለሚይዘው ዕድሜ ልኩን ሳይታመም ይኖራል።

ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ይህን እስር ያላላል። ባክቴሪያውን ውጠው የሚገድሉት የደም ሕዋሳት ይደክማሉ። እርጅናም ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ከ30 እና ከ40 ዓመት በፊት የተተነፈሰ ባክቴሪያ ዛሬ ሊነሳ ይችላል። «እኔ ከቲቢ በሽተኛ ጋር ተገናኝቼ አላውቅም» የሚለው መልስ ለአንድ አዛውንት ብዙ ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው። በልጅነታቸው አንድ ጎጆ ውስጥ አብሯቸው ያደረ የታመመ ዘመድ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ማንም ስሙን አልጠራውም።

ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ማንኛውም ከባድ ኢንፌክሽን፣ ቲቢንም ጨምሮ፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ለዓመታት በመድኃኒት ተስተካክሎ የቆየ ስኳር ምግብም መድኃኒትም ሳይለወጥ በድንገት አልታዘዝ ካለ፣ መድኃኒት ከመጨመሩ ጎን ለጎን «ምን ገብቶ ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከሚፈለጉት ምክንያቶች አንዱ ቲቢ ነው።

በአገራችን ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ ነው? ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከፍተኛ ከሆነባቸው 30 የዓለም አገራት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 100,000 ሰዎች ውስጥ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የሳንባ ቲቢ ያለባቸው 277 ያህል ሆነው ተገኝተዋል። በደቡብ ምሥራቅ አማራ ከ1,300 በላይ የቲቢ ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ከመቶው 8 ያህሉ ስኳርም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህ ውስጥ በሕክምናው ወቅት ሕይወታቸው ያለፈው ከአምስት አንድ ያህሉ ነበሩ፤ ስኳር ከሌለባቸው ግን ከመቶ 4 ያህል ብቻ። ቁጥሩን የጠቀስኩት ለማስፈራራት አይደለም። ሁለቱ በሽታዎች ተነጣጥለው ሲታከሙና ዘግይተው ሲታወቁ ምን እንደሚያስከፍሉ ስለሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቲቢና የሳንባ በሽታዎች ኅብረት ባወጡት የጋራ ማዕቀፍ የስኳር ታካሚ ስለ ቲቢ እንዲጠየቅ፣ የቲቢ ታካሚም ስኳሩ እንዲለካ የመከሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ምልክቶቹ እንዴት ያታልላሉ?

የታወቁት የቲቢ ምልክቶች አራት ናቸው፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ እና ክብደት መቀነስ። ስኳር ባለበት አዛውንት ግን እያንዳንዳቸው ሌላ ስም ይሰጣቸዋል።

ሳሉን እንውሰድ። «ብርድ መትቶኝ ነው» የመጀመሪያው ማብራሪያ ነው። ማር በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ ይሞከራል። (ማሩ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ለስኳር ታካሚ የሳል መድኃኒት አይሆንም።) ለብዙ ዓመት በማገዶና በከሰል ጭስ ውስጥ እንጀራ የጋገሩ እናቶች ሳል ለምደዋል፤ ስለዚህ አዲሱን ሳል ከአሮጌው አይለዩትም። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ጥያቄ «ያስልዎታል?» ሳይሆን «ሳልዎ ከዚህ በፊት ከነበረው ተለውጧል?» የሚለው ነው። በተጨማሪም ለደም ግፊትና ለኩላሊት ጥበቃ የሚሰጠው ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን «የመድኃኒቱ ሳል ነው» የሚባለው ቲቢ አለመሆኑ ከታየ በኋላ መሆን አለበት። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

የሌሊት ላብም እንዲሁ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላሚድ የሚወስድ ሰው ሌሊት ስኳሩ ሲወርድ በላብ ተጠምቆ ሊነቃ ይችላል። መለኪያ ካለዎት ላብ ሲያጠምቅዎት በዚያው ሰዓት ስኳርዎን ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ምክንያቱ የስኳር መውረድ ነው፤ ወዲያውኑ ጣፋጭ ነገር ወስደው ጠዋት ለሐኪም ይንገሩ። ስኳሩ ደህና ሆኖ ላቡ ሌሊት ሌሊት የሚመላለስ ከሆነ ግን ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ።

ክብደት መቀነስ ከሁሉም የከፋ አታላይ ነው። ቤተሰብ «ስኳሩ አከሳቸው» ይላል፣ ጎረቤትም ይስማማል፣ አንዳንዴም የጤና ባለሙያው ይስማማል። ስኳር በጣም ከፍ ሲል በእርግጥ ያከሳል፤ ያን ጊዜ ግን ብዙ መጠማትና ብዙ መሽናት አብረው ይመጣሉ። ስኳሩ ደህና ሆኖ ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ከጠበበ፣ ቀለበት ከጣት ከወለቀ ወይም ነጠላ ትከሻ ላይ አልቀመጥ ካለ ስኳሩን ብቻ አይውቀሱ።

ትኩሳትን በተመለከተ፣ በአረጋውያን ላይ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ደም የተቀላቀለ አክታም ከወጣቶቹ ይልቅ በእነሱ ላይ ያነሰ ነው። በምትኩ የሚታየው የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፣ ከአልጋ መነሳት መጥላት፣ አንዳንዴም መዘባረቅ ነው። ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ የነበሩ እናት ከበር መልስ ካሉ፣ ወይም መስጊድ በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ አባት መንገዱ ከረዘመባቸው፣ «አርጅተው ነው» ከማለት በፊት ይህ ለውጥ በስንት ጊዜ መጣ ብለው ይጠይቁ። እርጅና ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ በሁለት ወር የመጣ ድካም ብዙ ጊዜ በሽታ ነው።

ቲቢ ከሳንባ ውጭም ይወጣል። በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ላይ ለሳምንታት የቆየና ብዙም የማያም እብጠት፣ የማይለቅ የጀርባ አጥንት ሕመም፣ የሆድ መነፋት ካለ ለሐኪም ያሳዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳል ሲጀምር ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መግዛት የተለመደ ሆኗል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉት የቲቢን ባክቴሪያ ለጊዜው ያዳክሙታል፤ ሕመሙ የተሻለ ይመስላል፣ ምርመራውም ሊያመልጠው ይችላል፣ ከሳምንታት በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል። ለሳልና ለአስም ተብሎ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ወይም ክኒን ደግሞ ስኳሩን ይሰቅለዋል፣ መከላከያንም ይቀንሳል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

የመጀመሪያው ደረጃ ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ለስኳር ክትትል በሄዱ ቁጥር ስለ አራቱ ምልክቶች መጠየቅ አለብዎት፤ ክብደትዎም መመዘንና በካርድዎ ላይ ካለፈው ጋር መነጻጸር አለበት። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ይህ የሚዘለልበት ጊዜ አለ። ካልጠየቁዎት እርስዎ ይጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ቲቢ እንዳይሆን ብታየኝስ?» ማለት ነውር አይደለም። አብሮዎት የሚሄድ ልጅ ካለም እሱ ይናገር፤ አረጋውያን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ይቀናቸዋል። ሌሊቱን ሲያስሉ የሰማው ግን ልጁ ነው።

ጥያቄ ብቻ በቂ የማይሆንበት ምክንያት አለ። በብዙ አገራት በተደረጉ የዳሰሳ ጥናቶች ቲቢ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የሚያስቸግር ሳል አልነበራቸውም። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ለስኳር ታካሚ አረጋውያን የደረት ራጅ መነሳት ጥሩ ነው፤ በተለይ ስኳሩ ካልተስተካከለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ሲጋራ ካጨሱ፣ የኩላሊት ሕመም ካለ ወይም በቤት ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው ከነበረ። ራጅ አያምም፣ የሚሰጠው ጨረርም አነስተኛ ነው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ስኳር ባለበት ሰው ቲቢ ከተለመደው የሳንባ የላይኛው ክፍል ይልቅ በታችኛው ክፍል ሊታይ ይችላል። ያን ጊዜ ተራ የሳንባ ምች ይመስላል። ለሳንባ ምች ታክመው ካልተሻለዎት ወይም ተሽሎዎት ከተመለሰ፣ ተመልሰው ሄደው አክታ እንዲመረመርልዎት ይጠይቁ።

ቲቢ የሚረጋገጠው በአክታ ነው። አሁን በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ ጂን ኤክስፐርት ይባላል። የባክቴሪያውን ዘር ፈልጎ ያገኛል፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ይለያል። መሣሪያው ውጤት የሚሰጠው በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው፤ ግን ሁሉም ጤና ጣቢያ መሣሪያው ስለሌለው ናሙናው ወደ ሌላ ተቋም ይላካል፣ ውጤቱም ቀናት ሊወስድ ይችላል። ውጤቱ መቼና የት እንደሚሰጥ ሳይጠይቁ አይውጡ።

አክታ ሲሰጡ ምራቅ አይስጡ። አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በጥልቀት ይተንፍሱ፣ ከዚያ ከደረትዎ አስለው ወፈር ያለውን ይትፉ። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚወጣው የተሻለ ነው። ይህን የሚያደርጉት ሰው በሌለበት፣ ደጅ በነፋሻ ቦታ ይሁን። አክታ አልወጣ ካለ ለባለሙያው ይንገሩ፤ በሆስፒታል የጨው ውኃ እንፋሎት በመተንፈስ አክታ ማውጣት ይቻላል። አንገት ላይ እብጠት ካለ ደግሞ ናሙናው የሚወሰደው ከእብጠቱ በመርፌ ነው።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ምርመራና መድኃኒት በነፃ ነው። ራጅ ግን ሊያስከፍል ይችላል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱና ይጠይቁ።

ሁለት ካርድ፣ ሁለት ክፍል

ገላንና አካባቢዋን ለብቻ ያነሳሁት ለዚህ ነው። ገላን በአዳማ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ አስተዳደራቸው የኦሮሚያ ክልል ነው፣ ኑሯቸው ግን ከአዲስ አበባ ጋር የተሳሰረ ነው። ነዋሪው ጠዋት ወደ ከተማ ገብቶ ማታ ይመለሳል። ሕክምናውም እንዲሁ ተከፍሏል። የገላን ሰው ስኳሩን ቃሊቲ ውስጥ ባለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ የሰበታው አለርት፣ የቡራዩው ጳውሎስ ሆስፒታል ይከታተላል፤ ሳል ሲይዘው ግን በሰፈሩ ያለ የግል ክሊኒክ ይገባል። ክሊኒኩ ስኳር እንዳለበት አያውቅም፣ የስኳር ክፍሉም ሳሉን አያውቅም። ሁለት ካርድ አለው፤ ሁለቱ ካርዶች ግን አይነጋገሩም።

መፍትሔው ቀላልና ትንሽ ነው። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ፤ ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለመገጣጠሚያ የሚወስዱትን ሁሉ። የስኳር ካርድዎን ለቲቢ ክፍሉ፣ የቲቢ ካርድዎን ለስኳር ክፍሉ ያሳዩ። ቲቢ ከተገኘብዎ የየቀኑን መድኃኒት ለቤትዎ ከሚቀርበው ጤና ጣቢያ መውሰድ ይሻላል፤ ከሆስፒታል ሲላኩ የዝውውር ወረቀት ሳይዙ አይሂዱ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኦሮሚያ ሲሻገሩ ደግሞ በተለይ። መንገድ ሩቅ ከሆነ ስድስት ወር መመላለስ አቅም ይነሳል፤ ታካሚ መድኃኒት የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ በስንፍና ሳይሆን በታክሲ ዋጋ ነው።

ሁለት አካባቢያዊ ነገሮችም አሉ። በድንጋይ መፍጫ፣ በካባ፣ በሲሚንቶ ወይም በብረት ማቅለጫ ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ ጡረተኞች ሳንባቸው በድንጋይ አቧራ ከተጎዳ ለቲቢ ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ የቀድሞ ሥራዎን ለሐኪምዎ ይንገሩ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች መካከል ደግሞ የከብት ቲቢ አለ። ወተት ሳይፈላ አይጠጡ፤ «የላሜ ወተት ነው» ማለት ከበሽታው አያድንም።

ቲቢ ከተገኘ

በመጀመሪያ፣ ይድናል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው። ለመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒት (ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል) በአንድ ክኒን ተዋሕደው ይሰጣሉ፤ ቀጥሎ ለ4 ወራት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቀጥላሉ። ሽንትዎ፣ ላብዎና እንባዎ ወደ ብርቱካናማ ቀለም ቢለወጥ አይደንግጡ፤ ሪፋምፒሲን ነው፣ ደም አይደለም።

ሪፋምፒሲን ሌላም ነገር ያደርጋል። ጉበት ብዙ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያነሳሳዋል። ግሊበንክላሚድ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ያው ክኒን፣ ያው ምግብ ሆኖ ስኳሩ ከፍ ሊል ይችላል። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን የተባሉት የግፊት መድኃኒቶችም ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ግፊት መለካት አይዘንጋ። ዋርፋሪንና ዲጎክሲን የሚወስዱም አስቀድመው ይናገሩ። ሜትፎርሚን ያን ያህል አይነካም። ኢንሱሊን ጨርሶ በዚህ መንገድ ስለማይነካ ሐኪምዎ ለጊዜው ወደ ኢንሱሊን ሊያዛውርዎት ይችላል። «ኢንሱሊን ከተጀመረ አለቀልኝ» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ብዙዎች ቲቢው ሲድን ወደ ክኒናቸው ይመለሳሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። በስድስቱ ወር ውስጥ ግሊበንክላሚዱ ከተጨመረ፣ ሪፋምፒሲን ባበቃ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የጉበቱ ፍጥነት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የተጨመረው መጠን አሁን ይበዛል። ቤተሰብ «ተጨረሰ፣ ዳኑ» ብሎ ደስ ባለው ሳምንት አዛውንቱ ስኳራቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። የቲቢ መድኃኒት ከማብቃቱ በፊት ለስኳር ክፍሉ ቀጠሮ ይያዙ፣ ካበቃም በኋላ ባሉት ሳምንታት ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ይለኩ።

ስለ አወሳሰድ፦ የቲቢ ክኒን ጠዋት በባዶ ሆድ ይመከራል፤ የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ከጥቂት ምግብ ጋር ይቻላል። የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ግን ቁርስ ከፊትዎ ሳይቀርብ አይውሰዱ። ሁለቱንም በባዶ ሆድ ወስዶ ቁርስን ማዘግየት አደገኛ ነው።

አይሶናያዚድ የእግርና የእጅ ነርቭ ሊነካ ይችላል፤ ስኳርም ይነካል። ስለዚህ የስኳር ታካሚ ቫይታሚን ቢ6 (ፒሪዶክሲን) አብሮ ሊሰጠው ይገባል፤ ካልተሰጠዎት ይጠይቁ። ኢታምቡቶል የዓይን ነርቭን ሊነካ ስለሚችል ከመጀመሪያው ቀን በፊት ዓይንዎ እንዴት እንደሚያይ ይታወቅ። ስኳሩ ቀድሞ ዓይንዎን ጎድቶት ከሆነ አዲሱን ለውጥ መለየት የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተዎት ወይም እይታዎ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ይመለሱ። ኩላሊት የተጎዳ ከሆነ የመድኃኒቱ መጠን ይስተካከላልና የኩላሊት ምርመራ ይጠየቅልዎት። ጉበትን በተመለከተ ዕድሜ ራሱ አደጋውን ይጨምራል፤ በእነዚህ ስድስት ወራት አረቄም ጠጅም ይቅር።

በ2ኛው፣ በ5ኛው እና በ6ኛው ወር አክታ ይመረመራል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች አክታቸው ከባክቴሪያው ነፃ ለመሆን ሊዘገይ፣ ቲቢውም ከዳነ በኋላ ሊመለስ የሚችልበት ዕድል ከፍ ያለ ነው። ስኳሩ በደንብ ሲያዝ ይህ ይቀንሳል። ለአረጋውያን ግን «በደንብ» ማለት እንደ ወጣቱ ጥብቅ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት ከምግብ በፊት ከ90 እስከ 150 መሆኑ ይበቃል። ከዚህ በታች ለማውረድ መታገል መውደቅና መሰበር ያመጣል። የእርስዎን ልክ ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

ምርመራው ባክቴሪያው መድኃኒት የተላመደ መሆኑን ካሳየ ሕክምናው ይለያል። በአገራችን ይህ ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በእንጦጦ ግርጌ ባለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው፤ አሁን በየክልሉ ይሰጣል።

ጾምና ጠበል

ታካሚዎቼ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ቲቢ ሰውነትን ይበላል፤ ስኳር ያለበት አዛውንት በዚህ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ወይም ረመዳንን ሙሉ ቀን ሲውል የስኳር መውረድና የክብደት መቀነስ ይደራረብበታል። የሃይማኖት አባቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣሉ፤ የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማሙን ያነጋግሩ። ለመጾም የወሰነ ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ሳያስተካክል አይጀምር። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ክኒኑ አብሮ ይሂድ፤ የሚቆዩባቸውን ቀናት ቆጥረው ከጤና ጣቢያው ይቀበሉ። በጠበሉ ቦታ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ስለሚያድር፣ ሕክምና በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት መሄዱን ማቆየት ለሌሎችም ይጠቅማል።

ምግብን በሚመለከት ውድ ነገር አያስፈልግም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ የተፈላ ወተት፣ ጎመን በቂ ናቸው። «ቲቢ ያለበት ሰው መወፈር አለበት» ብሎ ለስላሳ መጠጥና ማር መስጠት ግን ስኳሩን ያበላሻል።

የቤት ሰው

በብዙ ቤት አያት ከልጅ ልጆች ጋር ነው የሚተኙት። ቲቢ ከተገኘ በዚያ ቤት የሚኖር ሁሉ መመርመር አለበት፤ ከሁሉም በፊት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች። ያልታመሙትም የመከላከያ መድኃኒት ሊሰጣቸው ይችላል። (ስኳር ስላለ ብቻ፣ ንክኪ ሳይኖር፣ የመከላከያ መድኃኒት አይጀመርም።) ሕፃናት ሲወለዱ የሚከተቡት ክትባት አዋቂዎችን አይጠብቅም፤ «እኔ ጠባሳው አለኝ» ማለት አያስቀርም።

ሕክምና ሲጀመር የመተላለፉ ዕድል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጣም ይቀንሳል። እስከዚያው ታካሚው ለብቻው ይተኛ፣ ሲያስል አፉን ይሸፍን፣ መስኮት ክፍት ይሁን፤ ቡናው በረንዳ ላይ ቢፈላ ይመረጣል። ሳህን፣ ብርጭቆና ልብስ መለየት ግን አያስፈልግም። ቲቢ በጉርሻ አይተላለፍም። አንዲት እናት ከልጅ ልጆቻቸው ለሁለት ሳምንት ቢለዩ ይረዱታል፤ ጽዋቸው ለብቻ ሲቀመጥ ግን ልባቸው ይሰበራል፣ ክኒናቸውንም ይደብቃሉ።

ምርመራው ቲቢ የለም ካለ ጥሩ ነው፤ ምልክቱ ከቀጠለ ግን አንድ ጊዜ «የለም» መባሉ ነገሩን አይዘጋውም፣ በተለይ የተሰጠው ምራቅ ከሆነ። ምልክት ባይኖርም በሚቀጥለው የስኳር ቀጠሮ ጥያቄው ይደገማል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱት ደም ካሳለዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስታወክና ሆድ ሕመም ከጥቁር ሽንት ጋር ከመጣ፣ ስኳርዎ ከ300 በላይ ሆኖ ካስታወከዎት፣ እንዲሁም ስኳርዎ ከ70 በታች ወርዶ ጣፋጭ ወስደው በ15 ደቂቃ ካልተመለሰ ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ በጎኑ አስተኝተው አምቡላንስ ይጥሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።